የአባ ጎርጎርዮስ ደብዳቤዎች

ከወላጆቻችን ርቀን በአሶሳ የምንማር ልጆች ስልክ ከያዝን ወዲህ ደብዳቤ መጻፍ ትተናል። አባ ጎርጎርዮስን ግን ያወቅናቸው በደብዳቤ ምክንያት ስለሆነ ታሪካቸውን በዚህ መጽሔት ልናወጋችሁ ወደድን።

አባ ጎርጎርዮስ የአማራ አገር ሰው ሲሆኑ የተወለዱት በመካነ ሥላሴ ነው። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የካቶሊክ ካህናት ሲባረሩ እርሳቸውም ተሰደው በኋላ ሮማ ገቡ። በዚያም በ1649 (በአውሮጳ አቈጣጠር) ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ አገኛቸው። ይህ ሰው ግዕዝን የተማረው ከመጽሐፍ ስለ ነበር አፉ ገና አልተፈታም ነበር። በ1652 አባ ወደ ጎታ ቤተ መንግሥት ተጠርተው ሄዱና አማርኛ አስተማሩት። ከተለያዩም በኋላ በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር፤ ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዓይኑ አይቶ አያውቅምና ብዙ ነገር የተረዳው ከእርሳቸው ነው።

በ1658 አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ።

ሉዶልፍ ግን አልረሳቸውም። በዚያን ጊዜ ፊደላችንን ለማተም እያንዳንዱን ሆሄ በብረት ጫፍ ቀርጾ፣ መዳብ ላይ መትቶ፣ እርሳስ አቅልጦ ማፍሰስ ያስፈልግ ነበር፤ የፊደላችን ብዛት ደግሞ ይታወቃል! በዚህ ድካም የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 ታተሙ። የሰዋስው ፈተና ለሚያስጨንቀን ተማሪዎች ይህ የሚያስመሰግነው ይሁን የሚያስወቅሰው ገና አልተስማማንም። የአባ መልክም በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጾ በ1691 በወጣው መጽሐፉ ታተመ።

የእጅ ጽሑፍ ደብዳቤዎቻቸው ራሳቸው የታተሙት ግን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ ፍሌሚንግ በተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ነው።