ጆሮው የማይሰማው መምህርና የሮኬት ስሌት
(የኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ አጭር የሕይወት ታሪክ)

ዛሬ ሮኬት ወደ ጠፈር ሲተኰስ ወሬው በሬዲዮና በስልክ እስከ ገጠር ድረስ ወዲያው ይዳረሳል። በትምህርት ቤታችንም ይህን ወሬ በጉጉት የሚከታተሉ፣ ስለ ጨረቃና ስለ ከዋክብት ሲከራከሩ የዕረፍት ጊዜው የሚያልቅባቸው ተማሪዎች ጥቂቶች አይደሉም። ነገር ግን ሮኬት ከምድር ስበት አምልጦ ሊወጣ የሚችልበትን መንገድ አስቀድሞ በስሌት ያሳየው ሰው ማን እንደ ነበረ የሚያውቀው ብዙ አይመስለንም። ይህ ሰው የታላቅ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ወይም የጦር ሠራዊት መሐንዲስ አልነበረም፤ በትንሽ ከተማ ልጆችን ሒሳብና ፊዚክስ የሚያስተምር፣ ጆሮው በደንብ የማይሰማ መምህር ነበር። ስሙም ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ ይባላል። ስለዚህ የሕይወቱን ታሪክ በአጭሩ ለውድ አንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ዓ.ም. ካልተባለበት በቀር የዘመኑ ቍጥር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን እናሳስባለን።

ጺዮልኮቭስኪ በ1857 በሩስያ አገር፣ በሪያዛን ግዛት፣ ኢዥየቭስኮዬ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የመንግሥት ደን ጠባቂ ሠራተኛ ነበረ፤ ቤተ ሰቡም ብዙ ልጆች የነበሩበት ነው። ማንበብን ያስተማረችው እናቱ ናት። ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው በከባድ የትኩሳት በሽታ ተያዘ፤ ከሞት ቢተርፍም አብዛኛውን የመስማት ኀይሉን አጣ። በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ደግሞ እናቱ ሞተችበት። መምህሩ የሚናገረውን ስለማይሰማ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ቀረ፤ ከክፍል ወደ ክፍል ማለፍም አቃተውና ትምህርት ቤቱን ተወ። ከዚያ ወዲያ በሕይወቱ ሙሉ እንደ ተማሪ ሆኖ ወደ ክፍል አልገባም።

ልጁ ግን መማርን አልተወም። ጆሮው የከለከለውን በዐይኑ ሊያገኝ ቈርጦ ተነሣ። በአባቱ ቤት የተገኙትን የሒሳብና የፊዚክስ መጻሕፍት ብቻውን አነበበ፤ በእጁም ትንንሽ መሣሪያዎችን ይሠራ ጀመር። አባቱ ይህን ትጋት አይቶ በ16 ዓመቱ ወደ ሞስኮ ላከው። በዚያም ሦስት ዓመት ያህል ሲቀመጥ መምህር አልነበረውም፤ ትምህርት ቤቱ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ከፍተኛ ሒሳብን፣ ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና ሥነ ፈለክን በዚያ በራሱ ጥረት ተማረ። ከቤት የሚላክለትን ጥቂት ገንዘብ ለመጽሐፍና ለመፈተኛ ዕቃ ስለሚያውለው ምግቡ ጥቁር ዳቦና ውሃ ነበረ።

በ1879 የመምህርነትን ፈተና አለፈ፤ በሚከተለውም ዓመት ቦሮቭስክ በምትባል ከተማ ማስተማር ጀመረ። በ1892 ወደ ካሉጋ ተዛወረና እስከ ዕለተ ሞቱ እዚያው ኖረ። ወደ 40 ዓመት ያህል በመምህርነት ሲያገለግል፣ ከክፍል ሲወጣ የቀረውን ጊዜ ለምርምር ያውለው ነበር። በ1897 ነፋስ የሚነፍስበት የመፈተኛ ቱቦ በገዛ እጁ ሠርቶ፣ የአየር ግፊት በልዩ ልዩ ቅርጾች ላይ ምን እንደሚያደርግ መረመረ። የሳይንስ አካዳሚም ለዚሁ ሥራ 470 ሩብል ረዳው፤ አብዛኛውን ወጪ ግን ከራሱ ደመወዝ እየቈረጠ ነበር የሚያወጣው። በ1908 የኦካ ወንዝ ሞልቶ ቤቱን ባጥለቀለቀ ጊዜ ብዙ ጽሑፉ ጠፋበት። እርሱ ግን እንደ ገና ተቀምጦ ጻፈ።

ስሙን ለዘላለም ያስጠራው ሥራ በ1903 የታተመው ስለ ጠፈር ምርምር የጻፈው ጽሑፍ ነው። ቁም ነገሩን እንዲህ አድርገን ልናስረዳ እንችላለን። ጠመንጃ ሲተኰስ ጥይቱ ወደ ፊት ሲሄድ ሰደፉ ትከሻን ወደ ኋላ ይገፋል። ሮኬትም እንዲሁ ነው፤ የጋለውን ጋዝ ወደ ታች ሲወረውር ራሱ ወደ ላይ ይገፋል። የሚደገፍበት አየር ስለማያስፈልገው አየር በሌለበት ጠፈርም ይሠራል።

ጺዮልኮቭስኪ በዚህ አላቆመም፤ ለአንድ ፍጥነት ምን ያህል ነዳጅ እንደሚያስፈልግ አሰላ። ሮኬቱ ከሚያወጣው ጋዝ ጋር እኩል ፍጥነት እንዲያገኝ ከተፈለገ፣ ሲነሣ የሚመዝነው ነዳጁን ከጨረሰ በኋላ ከሚመዝነው 2.7 ጊዜ ያህል መሆን አለበት። የጋዙ ፍጥነት እጥፍ ከተፈለገ 7.4 ጊዜ፣ ሦስት እጥፍ ከተፈለገ 20 ጊዜ ያህል ይሆናል። ፍጥነቱ በመደመር ሲያድግ ክብደቱ በማባዛት ያድጋል ማለት ነው። በምድር ዙሪያ ለመዞር በሰከንድ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ስለሚያስፈልግ በባሩድ ብቻ ይህን ማድረግ እንደማይቻል ተመልክቶ፣ በቅዝቃዜ ፈሳሽ የሆኑትን ሃይድሮጅንና ኦክስጅን መረጠ።

በ1929 ደግሞ ተቀጣጣይ ሮኬቶችን የሚመለከት ሐሳብ አቀረበ። ከፈረስ ቤት ተነሥቶ ሩቅ አገር የሚሄድ ነጋዴ፣ ገፈራ የተጫነችው በቅሎ ጭነቷ ሲያልቅ ባዶዋን እየቀለበ ቢወስዳት ይጐዳል፤ ከመንገድ ቢመልሳት ግን ይቀለዋል። ሮኬትም ነዳጁ ያለቀበትን ክፍል እየጣለ ቢሄድ የቀረው ቀልሎ ይፈጥናል። በ1969 ሰዎችን ወደ ጨረቃ ያደረሰው ሳተርን 5 ሮኬት ሦስት ክፍል ነበረው፤ ሁለቱ የላይኛው ክፍሎችም በሃይድሮጅንና በኦክስጅን የሚነዱ ነበሩ።

እውነቱን ለመናገር ጺዮልኮቭስኪ አንድም ሮኬት አልተኰሰም። በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራውን የመጀመሪያውን ሮኬት በ1926 የተኰሰው አሜሪካዊው ሮበርት ጎዳርድ ነው። የ1903ቱ ጽሑፍም በወጣበት ጊዜ ብዙ አንባቢ አላገኘም። ነገር ግን ዘሩ ቀስ ብሎ በቀለ። በ1923 ቫለንቲን ግሉሽኮ የተባለ የ15 ዓመት ልጅ ስለ ጠፈር ጉዞ ባለው ፍቅር ከኦዴሳ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ሽማግሌው መምህርም ልጅ ነው ብሎ ሳይንቅ መልስ ሰጠው፤ መጻሕፍቱንም ላከለት። ይህ ልጅ አድጎ የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ጨረቃና ዩሪ ጋጋሪንን ወደ ጠፈር ያወጡትን የሮኬት ሞተሮች የሠራ መሐንዲስ ሆነ።

ጺዮልኮቭስኪ በ1935 በ78 ዓመቱ ካሉጋ ውስጥ ዐረፈ። ከ22 ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1957፣ ስፑትኒክ ተተኰሰች። ጋጋሪን በ1961 ምድርን በዞረ በሁለተኛው ወር ወደ ካሉጋ ሄዶ በመምህሩ ስም ለሚሠራው ቤተ መዘክር የመሠረት ድንጋይ አኖረ። በማይታየው የጨረቃ ገጽ ያለ አንድ ታላቅ ጐድጓዳ ስፍራም በስሙ ተጠርቷል።

ይህ ታሪክ ከእኛ የራቀ አይደለም። ቦንጋ ተወልዶ በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የተማረው ቅጣው እጅጉ በአሜሪካ የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት በናሳ ለመሥራት በቅቷል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ተተኵሳለች፤ መቈጣጠሪያዋም እንጦጦ ላይ ነበረ። የደጋ ዳሞት ሰማይ በበጋ ሌሊት ጥርት ያለ ነው፤ ከዋክብትን ለመመልከት ከዚህ የሚበልጥ ስፍራ መፈለግ አያሻንም።

ከዚህ መምህር ሕይወት ግን ከሮኬቱ ይልቅ የምንማረው አለ። መምህሩን የማይሰማው ልጅ ሰነፍ ተብሎ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ነበር። እንደ እርሱ በራሱ ጥረት የሚወጣ ግን ከብዙ አንዱ ነው፤ የቀሩት ጠፍተው ይቀራሉ። ስለዚህ፣ ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ የማይሰማ ወይም ሰሌዳውን የማያይ ልጅ ሲያጋጥማችሁ ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት መርምሩት። እኛም ተማሪዎች እንዲህ ያለው ጓደኛችን በፊተኛው ወንበር እንዲቀመጥ ቦታችንን እንልቀቅለት፤ የጻፍነውንም ደብተር እናውሰው።