ቃሬዛ ተሸካሚው ጋንዲና የሜዳዩ መዝገብ

ስለ ጦርነት በሚጻፉ መጻሕፍት የጄኔራሎች ስም አይታጣም። የተራውን ወታደርና የቁስለኛ ተሸካሚውን ስም ለማግኘት ግን ብዙ መድከም ያስፈልጋል። ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የማህተማ ጋንዲ ታሪክ ነው። ጋንዲ በዓለም የታወቁት ያለ ጦር መሣሪያ ለሕንድ ነፃነት በመታገላቸው ነው፤ በጐልማሳነታቸው ግን በሁለት የቅኝ ግዛት ጦርነቶች ቁስለኛ አንሺ ሆነው መዝመታቸውንና ሜዳይ መሸለማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞሐንዳስ ካራምቻንድ ጋንዲ በ1869 ዓ.ም. ፖርባንዳር በምትባል የሕንድ የባሕር ዳርቻ ከተማ ተወለዱ። ለንደን ሄደው ሕግ ከተማሩ በኋላ በ1891 ጠበቃ ሆኑ። በ1893 አንድ የሕንድ ነጋዴ ለነገሩ ጠርቷቸው ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻገሩ። በዚያም ወገኖቻቸው በቆዳቸው ቀለም ምክንያት ሲናቁና ሲገፉ ስላዩ፣ ጉዳያቸውን ጨርሰው እንደ መመለስ ናታል በሚባለው አገር ተቀመጡ።

በ1899 በእንግሊዞችና በቦየሮች መካከል ጦርነት ተነሣ። የጋንዲ ልብ ለቦየሮች ያዝን ነበር። ነገር ግን የእንግሊዝ ዜጋ መብት ይሰጠን ብሎ የሚጠይቅ ሰው የዜግነቱንም ግዴታ ሊፈጽም ይገባል ብለው ስላመኑ፣ ሕንዳውያንን ሰብስበው ቁስለኛ እናንሣ ሲሉ ለመንግሥቱ አመለከቱ። በመጀመሪያ የተቀበላቸው አልነበረም፤ ቁስለኛው ሲበዛ ግን ተፈቀደላቸው። የጓዱ ሰዎች ቁጥር 1,100 ያህል ነበር። ከእነዚህ 300 ያህሉ በፈቃዳቸው የሚኖሩ ሲሆኑ፣ የቀሩት 800 ያህሉ በውል ታስረው የሚሠሩ ምስኪኖች ነበሩ።

ጓዱ በታኅሣሥ 1899 በኮሌንሶ፣ በጥር 1900 ደግሞ በስፒዮን ኮፕ ጦርነት አገለገለ። ጥይት ከሚደርስበት ስፍራ እንዳይገቡ አስቀድሞ ተወስኖላቸው ሳለ፣ በስፒዮን ኮፕ ጭንቅ ሲሆን ፈቅደው ገቡ። ቁስለኛውን በቃሬዛ ተሸክመው በቀን ከ32 እስከ 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዙበት ጊዜ ነበር። ከተሸከሟቸውም አንዱ ጄኔራል ውድጌት ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ለጓዱ 37 አለቆች የጦርነቱ ሜዳይ ተሰጠ፤ ጋንዲም ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። በንግሥት ቪክቶሪያ ስም የወጣው ይህ ሜዳይ በጠርዙ ላይ የተሸላሚው ስም ይቀረጽበታል። የእያንዳንዱም ክፍል ተሸላሚዎች ስምና ማዕረግ በመዝገብ ተጽፎ፣ ዛሬ በለንደን ኪው በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይጠበቃል። ስለዚህ የአንድ ዘማች ልጅ ልጅ ከሜዳዩ ጠርዝ ስሙንና ክፍሉን አንብቦ ወደ መዝገቡ ይሄዳል። የወታደሩ የአገልግሎት ፋይል ግን ሌላ ነው። በሠራዊቱ ቆይተው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ያገለገሉ የብዙ ወታደሮች ፋይል በመስከረም 1940 ለንደን በቦምብ ስትደበደብ ተቃጥሏል። ለነዚህ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ የሚቀረው ምስክር የሜዳዩ መዝገብ ብቻ ነው።

ሜዳይ ያልተሰጣቸውስ? በውል የታሰሩት ሠራተኞች ከሕንድ ናታል ሲደርሱ ቁጥራቸው፣ የአባታቸው ስም፣ መንደራቸው፣ ዕድሜያቸውና የሰውነታቸው ምልክት በመርከብ መዝገብ ላይ ተጽፏል። ይህ መዝገብ ግን የተጻፈው ለጌታ ጥቅም ነው። ሰውየው በየትኛው መርከብ እንደ መጣ ይነግረናል እንጂ፣ በስፒዮን ኮፕ ቁስለኛ መሸከሙን አይነግረንም።

በ1906 የዙሉ ሕዝብ በግብር ምክንያት ባመፀ ጊዜ ጋንዲ በሳጅን ሜጀርነት ማዕረግ ጥቂት ሰዎች ይዘው እንደገና ዘመቱ። ነጮች ሊነኳቸው ያልፈለጉትን፣ በግርፋት የቆሰሉ ዙሉዎች አስታመሙ፤ ሌላ ሜዳይም አገኙ። በዚያው ዓመት የትራንስቫል መንግሥት ሕንዳውያን ሁሉ እንደ ወንጀለኛ የጣት አሻራ ሰጥተው ይመዝገቡ የሚል ሕግ አወጣ። በክብር መዝገብ የተጻፈው ስም አሁን በውርደት መዝገብ ሊጻፍ ሆነ። ጋንዲ እምቢ አሉ፤ በ1908 ታሰሩ፤ በዚያው ዓመት በጆሃንስበርግ ከሁለት ሺህ የሚበልጥ የመመዝገቢያ ወረቀት በሕዝብ ፊት ተቃጠለ።

በ1915 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መንግሥት የወርቅ ሜዳይ ሸለማቸው። ነገር ግን በሚያዝያ 1919 በአምሪትሳር መሣሪያ ባልያዘ ሕዝብ ላይ ወታደሮች በመተኰሳቸውና አጥፊዎቹም ተገቢውን ፍርድ ባለማግኘታቸው፣ በነሐሴ 1920 ሦስቱንም ሜዳዮች ለእንግሊዙ እንደራሴ መለሱ። በጥር 1948 በዴልሂ በጥይት ተመተው ዐረፉ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ብዙ ነው። ሜዳይ ሊመለስ ይችላል፤ የተሠራው ሥራ ግን አይመለስም። ጋንዲም ሜዳያቸውን ቢመልሱ ስማቸው አልጠፋም። የጠፋው ከእርሳቸው ጋር ቃሬዛ ተሸክመው ሜዳይ ያላገኙት ሰዎች ስም ነው። እንግዲህ እኛ ተማሪዎች በየቤታችን የአያት ሜዳይ ስናይ በብሩ ብቻ አንደሰት። የት እንደ ዘመቱ፣ በማን ሥር እንደ ነበሩ፣ ከጐናቸውም እነማን እንደ ወደቁ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቀን በደብተራችን እንጻፍ። መዝገብ የሚረሳውን ሰው የሚያስታውሰው የጠየቀ ልጅ ነውና።