ፋዝሉር ካን፦ ፎቅን እንደ ሸምበቆ ያቆመው ስደተኛ

በሐጅ ወቅት በጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ ያለፋችሁ፣ እንደ ድንኳን የተወጠሩትን ነጫጭ ጣሪያዎች ሳታዩ አልቀራችሁም። 210 ናቸው። ሙቀቱ በአናታቸው ይወጣል፣ ነፋሱ በጎን ይገባል፤ ከሥራቸው ያለው ክፍት ቦታ ኤሲ አያስፈልገውም። ያንን ጣሪያ ያቆመው መሐንዲስ ስደተኛ ነበር።

ፋዝሉር ራህማን ካን እ.ኤ.አ. በ1929 ዳካ ተወለደ። አባቱ የሂሳብ መምህር ነበሩ። በ1952 በስኮላርሺፕ አሜሪካ ሄደ (እውነቱን ለመናገር የሱ አወጣጥ ከኛ ጋር አይነጻጸርም፣ ደላላ አላየም)፤ በሦስት ዓመት ሁለት ማስተርስና ዶክትሬት ያዘ። ከዚያ ቺካጎ ሥራ ገባ፤ ዛሬ የዱባዩን ቡርጅ ኸሊፋ የነደፈው ድርጅት ውስጥ ማለት ነው።

ቺካጎ ያኔ ሰው የሚጎርፍባት፣ ግን ለሁለት የተከፈለች ከተማ ነበረች። ጥቁር ሰው ነጮች ሰፈር ቤት ልከራይ ቢል በሩ ይዘጋበታል። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1966 ለቤት መብት ሰልፍ የወጣው እዚያው ነው።

ረጅም ፎቅን የሚያስወድደው በዋናነት ነፋስ ነው። ከፍ ባለ ቁጥር ላለመወዛወዝ ብዙ ብረት ይበላል። ካን ምሰሶዎቹን ወደ ውጭ ግድግዳው አውጥቶ ሕንጻውን ቱቦ አደረገው። ሸምበቆን አስቡት፤ ውስጡ ባዶ ነው፣ ነፋስ ግን በቀላሉ አይጥለውም። በ1969 ያለቀው ባለ 100 ፎቁ ጆን ሃንኮክ በካሬ ሜትር 145 ኪሎ ያህል ብረት ሲፈጅ፣ የኒውዮርኩ ኢምፓየር ስቴት ከ200 በላይ ፈጅቷል። ከታች ሱቅና መኪና ማቆሚያ፣ ቀጥሎ ቢሮ፣ ከ44ኛው ፎቅ ወዲያ መኖሪያ። ሰው የሚያድርበት ስለሆነም፣ ውዝዋዜው መቼ እንደሚያዞር ለማወቅ ሰዎችን የሚሽከረከር መድረክ ላይ አቁሞ ፈተነ።

ግን ብረት ስለቀነሰ ኪራይ አልቀነሰም። ሃንኮክ የገባው ገንዘብ ያለው ነው። ብዙ ሳይርቅ፣ ካብሪኒ ግሪን በሚባሉት የመንግሥት ፎቆች፣ ድሃ ጥቁር ቤተሰቦች ሊፍት እየተበላሸባቸው በደረጃ ይወጡ ነበር። ጥፋቱ የፎቁ አይደለም፤ ማን ይገባበታል፣ ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል ነው ነገሩ። የፎቅ መስኮት ለምንወለውል ሰዎች ይሄ አዲስ ወሬ አይደለም።

በ1971 አገሩ ጦርነት ውስጥ ስትገባ፣ ካን ባለ 110 ፎቁ ሲርስ ታወር እየተሠራ በነበረበት ሰዓት፣ ቺካጎ ያሉ ቤንጋሎችን ሰብስቦ ማኅበር አቋቋመ። እርዳታ አሰባሰቡ፣ የዋሽንግተን ባለሥልጣናትንም ወተወቱ። እኔ ከፎቆቹ ሁሉ ይሄን አስበልጣለሁ።

የጅዳው ጣሪያ በ1981 ተከፈተ። ካን በማርች 27 ቀን 1982 እዚያው ጅዳ በልብ ሕመም ሞተ፤ 53 ዓመት ሊሞላው አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር። አስከሬኑ ወደ ቺካጎ ተወስዶ እዚያ ተቀበረ።