ቅዱስ ላሊበላና የሮሐ መንደር



ካርቱም ያላችሁም፣ በ2023 በተነሣው ጦርነት ምክንያት ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ፖርት ሱዳንና ወደ አገር ቤት የተበተናችሁም፣ ይህች የኢዮቤልዩ መጽሔት እንድትደርሳችሁ ምኞታችን ነው። በእንዲህ ያለው በዓል የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ ማቅረብ የተለመደ ነው። እኛ የሱቅ ሰዎች እንጂ የታሪክ ምሁራን አይደለንም። ቢሆንም የቅዱስ ላሊበላን ታሪክ መርጠናል። ምክንያታችንም ንጉሡ ድንቅ አብያተ ክርስቲያናትን ማነጹ ብቻ አይደለም። እርሱ ያነጻቸው በአንዲት መንደር መካከል ነው፤ መንደሯም ስምንት መቶ ዓመት ሳትጠፋ ቆይታለች። እንዴት ቆየች? ዛሬስ እንዴት ትጠበቅ? የሚለው ጥያቄ ከአገሩ የራቀውን ሁሉ የሚነካ ይመስለናል። ዓመቶቹን ሁሉ እዚህ በምንሠራበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።

ላሊበላ የተወለደው በ12ኛው ክፍለ ዘመን፣ በላስታ፣ ሮሐ በምትባለው መንደር ነው። ዘመኑ የዛግዌ ነገሥታት አገር የሚያስተዳድሩበት ነበር። አባቱ ዛን ስዩም፣ እናቱ ኪርወርና ይባላሉ። የልደቱ ቀን ታኅሣሥ 29 እንደሆነ ስለሚታመን፣ የገና በዓል በላስታ ድርብ በዓል ሆኖ ይከበራል። ገድሉ እንደሚተርከው ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ የንብ መንጋ ከበበው። እናቱም ንቦቹ ንግሥናውን እንዳወቁለት ተረድታ ስሙን ላሊበላ አለችው። የአገሩ ሰዎች እስከ ዛሬ ስሙን ከንብና ከማር ጋር ያያይዙታል።

ይህ የንብ ወሬ ለልጁ መከራ አመጣበት። በዚያን ጊዜ በዙፋኑ ላይ የነበረው ወንድሙ ቅዱስ ሐርቤ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱም የሚነግሥብንን ልጅ በክፉ ዐይን አየው። ገድሉ እንደሚለው እኅቱ መርዝ አጠጣችው። መጀመሪያ ጽዋውን የቀመሰው አገልጋዩ ዲያቆን ወድቆ ሲሞት ላሊበላ አየ። ስለ እኔ ሰው ሞቶ እኔ ልቀር አይገባም ብሎ ዐውቆ ጠጣው ይባላል። ሦስት ቀንም እንደ ሞተ ሰው ተኝቶ ቆየ። በእነዚህ ቀናት መላእክት ወደ ሰማይ ወስደው ከአንድ ድንጋይ የሚፈለፈሉ ቤቶችን እንዳሳዩት፣ ወደ ምድር ተመልሶም እነዚያን እንዲያንጽ እንደታዘዘ ይተረካል።

ከዚህ በኋላ ስደት ነው። ላሊበላ በበረሃ ኖረ፤ በስደቱም መስቀል ክብራን አገባ፤ እርሷም በመከራው ሁሉ አልተለየችውም። ኢየሩሳሌምን እንደ ተሳለመም ይነገራል። ለእኛ ለስደተኞች ይህ ክፍል ቅርባችን ነው። ነገ ይነግሣል የተባለው ሰው የሌላ አገር መንገድ ሲጠይቅ፣ የሰው ደጅ ሲጠና የኖረ ነውና። በመጨረሻ ሐርቤ በሕልም ታዝዞ ወንድሙን ፈልጎ ተቀበለው፤ ይቅርታም ጠይቆ መንግሥቱን አስረከበው ይላል ትውፊቱ።

ላሊበላ የነገሠው በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው፤ ብዙ መጻሕፍት 1181 አካባቢ ይላሉ። የገድል ሰው ብቻ እንዳልሆነም ማስረጃ አለ። በ1204 ለቤተ ክርስቲያን የሰጠው የመሬት ስጦታ በደብረ ሊባኖስ ዘሽመዛና ወንጌል ላይ ተጽፎ ይገኛል። በግብፅ የፓትርያርኮች ታሪክም ስሙ ተመዝግቧል። በእርሱ ስም የተቀረጹ የእንጨት መንበሮችም እስካሁን አሉ።

ትልቁ ሥራው ግን ሮሐ ላይ ነው። ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት በ23 ዓመት ተሠርተው አለቁ፣ ቀን ሰዎች፣ ሌሊት መላእክት ይሠሩ ነበር ይባላል። የዘመናችን ተመራማሪዎች ደግሞ ሥራው ከአንድ ንጉሥ ዕድሜ የረዘመ እንደሆነ፣ አንዳንዶቹም አስቀድሞ ለሌላ አገልግሎት የተፈለፈሉ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ይናገራሉ። የሆነው ሆኖ አሠራሩ የሚያስገርም ነው። ሌላው ሕንፃ ከመሠረት ተነሥቶ ወደ ጣራ ይወጣል፤ የሮሐው ከጣራ ተጀምሮ ወደ መሠረት ይወርዳል። ድንጋዩ ዙሪያውን ይቆፈራል፤ መካከሉ ተለይቶ ይቀራል፤ ከዚያም በርና መስኮት ይወጣለታል፤ ውስጡም ይፈለፈላል። አንዴ በስሕተት የተቆረጠ ድንጋይ አይመለስም። ቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመቱ ከ33 ሜትር ይበልጣል። በመስቀል ቅርጽ የተሠራው ቤተ ጊዮርጊስ ወደ 12 ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ቆሟል። ቤተ አባ ሊባኖስን ያሠራችው ንግሥት መስቀል ክብራ ናት፤ በአንድ ሌሊት በመላእክት እርዳታ እንዳለቀም ይነገራል።

ንጉሡ በመንደሩ ላይ የኢየሩሳሌምን ስሞች አኖረ። ጎልጎታ፣ ቤተ ልሔም፣ ደብረ ሲና የሚባሉ ቦታዎች አሉ፤ ውሃ የሚወርድበት ቦይም ዮርዳኖስ ተባለ። ሳላሕ አድ-ዲን ኢየሩሳሌምን በ1187 ከያዘ በኋላ ሩቅ መሄድ ለማይችለው ምእመን ቅርብ ኢየሩሳሌም ለመስጠት ነው የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ይህም ሆነ ሌላ፣ ያደረገው ነገር ግልጽ ነው። የተቀደሰውን ቦታ ከገበሬው ደጅ አጠገብ አደረገው። ሰው የሚኖርበትን መንደር አጽድቶ ባዶ ሜዳ ላይ አላነጸም።

ቅዱስ ላሊበላ በ1221 አካባቢ እንዳረፈ ይታመናል፤ መታሰቢያው ሰኔ 12 ነው፤ መቃብሩም በቤተ ጎልጎታ ነው ይባላል። በ1270 መንግሥቱ ከዛግዌ እጅ ወጣ፤ ቤተ መንግሥቱም ወደ ደቡብ ሄደ። ሮሐ ግን አልተፈታችም። ስሟን በንጉሡ ስም ለውጣ ቀጠለች። ቀሳውስቱ ቅዳሴውን አላስታጐሉም፤ ገበሬውም እርሻውን አልተወም። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ አይቷት፣ ያየሁትን ብጽፍ የሚያምነኝ የለም ብሎ ተጨንቆ ነበር። በየዘመኑ የተነሣው ጦርነትም አላጠፋትም።

ይህ እንዴት ትልቅ ነገር እንደሆነ ለማየት ከካርቱም ብዙ መራቅ አያስፈልገንም። በጥቁር ዐባይ ሽቅብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብንሄድ ሶባን እናገኛለን። ልጆቻችን ሶባን እንደ ከተማ ዳርቻ ብቻ ያውቋታል። በላሊበላ ዘመን ግን ሶባ አልዋ የሚባለው የክርስቲያን መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ኢብን ሱለይም አል አስዋኒ ስለ እርሷ ሲጽፍ፣ ያማሩ ሕንፃዎች፣ በወርቅ የተሞሉ አብያተ ክርስቲያናት፣ የአትክልት ሥፍራዎችና የሙስሊሞች ሰፈር እንዳሏት ዘርዝሯል። ዛሬ ከዚያ ሁሉ የሚታየው ጥቂት የአፈር ጉብታ ነው። መንግሥቱ ወደቀ፤ ሕዝቡ ተበተነ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካርቱም ስትቆረቆር ግንበኞች የሶባን ቀይ ጡብ እየጫኑ ወስደው ሠሩበት። ሰዎቹ ክፉዎች ስለነበሩ አይደለም፤ ጡቡን የእኔ ነው የሚል ሰው በቦታው ስላልነበረ ነው። የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ የሚለው ተረት የሚሠራው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

በላሊበላ ግን የእኔ ነው የሚል ሰው አልጠፋም። በ1997 አፍሮ አይገባ የሚባለው የቤተ መድኃኔ ዓለም የወርቅ መስቀል ተሰረቀ። ሕዝቡ ዝም አላለም፤ መስቀሉ ቤልጅየም ውስጥ በአንድ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ በ2001 ተመልሷል።

ለሕንፃዎቹም ብዙ ጥገና ተደርጎላቸዋል፤ ሁሉም ግን አልጠቀመም። በ1954 ዝናብ እንዳያስገባ ተብሎ በአንዳንዶቹ ላይ ሬንጅ ተቀባ። ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ ጣሊያናዊው የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ሳንድሮ አንጄሊኒ መጥቶ ያንን አስነሣ። በ1978 ላሊበላ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዷ ሆነች። በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ትልልቅ የብረት ጣራዎች ቆሙ። ዝናብ ተከለከለ፤ ነዋሪው ግን የጣራዎቹ ክብደት ሕንፃዎቹን ይጎዳል ብሎ ሠጋ፤ በ2018ም አደባባይ ወጥቶ ድምፁን አሰማ።

ከሁሉ የሚያከራክረው ግን የመንደሩ ጉዳይ ነው። የላስታ ነባር ቤት ከቀይ ድንጋይ በክብ የሚሠራ፣ ብዙ ጊዜ ባለ ሁለት ደርብ፣ ሣር ክዳን ቤት ነው። እንዲህ ያሉ ቤቶች አብያተ ክርስቲያናቱን ከበው ይኖሩ ነበር። ከ2000ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ብዙ ቤተሰቦች ከዚያ ተነሥተው ራቅ ወዳለ ሥፍራ ሰፈሩ። ጥቂት ነባር ቤቶች ለቅርስነት ቀሩ። ምክንያት አልታጣለትም፤ የቤቶች ፍሳሽ፣ ጭስና የግንባታ መስፋፋት ለድንጋዩ አደጋ ናቸው። በሌላ በኩል ግን ደወል ሲሰማ በእግሯ ወርዳ የምታስቀድስ አሮጊት ሩቅ ስትሰፍር ቤተ ክርስቲያኑ አንድ ጠባቂ ያጣል። ሰው የሌለበት የድንጋይ ጎጆ ለፎቶግራፍ ያምራል፤ ጣራውን በየጊዜው የሚያድስ፣ እሳት የሚያነድበት ግን የለውም። በሱቅ ሥራ እንደምናውቀው፣ ለመስኮት ማሳያ ብቻ የተቀመጠ ዕቃ አቧራ ይበላዋል።

ስለዚህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው። ላሊበላን የጠበቃት አጥርም ጣራም ሳይሆን ነዋሪዋ ነው። ድንጋዩን ለማዳን የሚወጣ ዕቅድ ሁሉ መንደርተኛውን እንደ ጠባቂ እንጂ እንደ እንቅፋት ሊቆጥረው አይገባም። ፍሳሹ ይበጅለት፤ ነባር ቤቱን ለሚያድስ ድጋፍ ይሰጠው፤ መነሣት ግድ ከሆነም ደወሉ ከሚሰማበት አይራቅ። በ2021 በሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትገላበጥ፣ መብራት ጠፍቶ እህል ሲታጣ፣ ጎብኚም ተሳላሚም አልነበረም። ቅዳሴውን የቀጠሉት ካህናቱና እዚያው የቀረው ሕዝብ ናቸው።

ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል። የየመጣንበትን መንደር መልክ በብዙ የሚለውጠው ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ነው። ልጅ ለእናቱ ብር ይልካል፤ የድንጋዩ ጎጆ ፈርሶ በብሎኬትና በቆርቆሮ ይተካል። ጣራዋ የሚያፈስ እናት ደረቅ ቤት ይገባታል፤ በዚህ ነውር የለም። ነገር ግን ከመፍረሱ በፊት ግንቡን የሚጠግን አናጺና ግንበኛ በአካባቢው እንዳለ እንጠይቅ። ከአሮጌው አጠገብ አዲሱን መሥራት ይቻል እንደሆነም እንይ። ካልተቻለም ቤቱ እንዴት እንደ ተሠራ፣ ማን እንደ ሠራው ጽፈን ለልጆቻችን እናስቀምጥ።

ካርቱም ላይም ሥራ ይጠብቀናል። በደይምና በሌሎች ሰፈሮች ቡናችንን ያፈላንባቸው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ወገናችን ሠርግና ለቅሶ የተካፈለባቸው ቤቶች ብዙዎቹ ከ2023 ወዲህ ተዘርፈዋል፤ ባዶ የቀሩም አሉ። ሶባ እንዳትደገም ከፈለግን ቢያንስ ማን የት እንደ ነበረ፣ ማኅበሩ በየት በየት እንደ ተሰበሰበ የሚናገሩ ፎቶግራፎችና መዝገቦች አንድ ላይ ይሰብሰቡ። በስልካችሁም በሣጥናችሁም ያለውን ለማኅበሩ ኮሚቴ አድርሱ።

ቅዱስ ላሊበላ ስደትን ቀምሶ ወደ ተወለደበት መንደር የተመለሰ ንጉሥ ነው። ሲመለስም የመንደሩን ሰው ከነቤቱ አቅፎ ሠራ። ለሁላችንም በሰላም ወደየቤታችን መግባትን ያድለን።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል!