የምኒልክ መሐንዲስ ሙሴ ኢልግ



የማስተምረው በመተከል ዞን፣ በዳንጉር ወረዳ፣ በማንቡክ ከተማ በሚገኘው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎቼ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሲሚንቶና ብረት የጫኑ መኪናዎች ወደ ጉባ ሲወርዱ እያዩ ያደጉ ናቸው። የዓባይ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህማ ከልጆቹ እኩሌታው መሐንዲስ ለመሆን ይመኛል። የኢንጂነር ስመኘው በቀለን ስም የማያውቅ አንድ እንኳ የለም። ከእርሳቸው በፊት ግን የዛሬውን ዓይነት ምሕንድስና በአገራችን ማን እንደ ጀመረው ብጠይቃቸው ዝም አሉ። ላሊበላን የፈለፈሉትና የጎንደርን ግንብ ያነፁት አባቶች ክብራቸው እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ የሙሴ አልፍሬድ ኢልግን ታሪክ ነገርኋቸው። ለጋዜጣው አንባቢዎችም፣ ይልቁንም በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠው አማካሪ መሐንዲስ ለሚቀጥሩት፣ ቢነገር የሚጠቅም ስለ መሰለኝ ይህን ጽፌአለሁ።

ሙሴ ኢልግ በ1846 ዓ.ም. በስዊስ አገር ፍራውንፌልድ በምትባል ከተማ ተወለዱ። የምሕንድስና ትምህርታቸውንም በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ተማሩ። በዚያ ዘመን ገና የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ፣ ብልሃት የሚያውቅ አውሮፓዊ እንዲላክላቸው በዓደን በኩል አንድ የስዊስ የንግድ ቤት ጠይቀው ነበርና፣ ዕጣው ለዚህ ወጣት ደረሰ። ሁለት የአገራቸውን የእጅ ባለሙያዎች አስከትለው በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ሲገቡ ገና ሃያ አምስት ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

ንጉሡ መጀመሪያ ያዘዟቸው ድልድይ ወይም አዳራሽ ሳይሆን ጫማ ነበር ይባላል። ጫማውን ሠርተው አቀረቡ። ቀጥሎ ጠመንጃ እንዲሠሩ ታዘዙ። ኢልግ ከአውሮፓ ቢገዛ ዋጋው እንደሚረክስ፣ ጥራቱም እንደሚበልጥ ገለጹ፤ ንጉሡ ግን አልተቀበሏቸውምና ያንንም ሠርተው አሳዩ። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ለሣቅ ያህል ያወራዋል። እኔ ግን ቁም ነገር አየሁበት። መሐንዲሱ የማይወደደውን ሐሳብ አስቀድመው ተናገሩ፤ ከዚያም የታዘዙትን ሠሩ። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ ምኒልክ ያን ያህል ባላመኗቸው ነበር። አማርኛም ስለ ተማሩ ከንጉሡ ጋር ያለ አስተርጓሚ ይነጋገሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠሩ። ፋብሪካና መንገድ በሌለበት ዘመን እንጨቱ የሚጓዘው በሰው ትከሻ ነበር። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላም ከእንጦጦ ጋራ ሥር ወደ ቤተ መንግሥቱ ውኃ በቧንቧ አስገቡ። ውኃው ወደ ሸለቆ ወርዶ እንደ ገና ሽቅብ መውጣቱ የከተማውን ሰው እጅግ አስደነቀ። ነገሩ ግን ተአምር አይደለም። ምንጩ ከመድረሻው በላይ እስከ ሆነ ድረስ፣ ቧንቧው በመካከል ምንም ያህል ቢወርድ ውኃው በራሱ ግፊት ይወጣል። እኔም ይህን በክፍል ውስጥ በአንድ ጄሪካንና በላስቲክ ቱቦ አሳየኋቸው፤ ቱቦውን ዝቅ ከፍ ለማድረግ ሲሻሙም ጠረጴዛዬን አረጠቡት።

በምኒልክ መልክ የተቀረጸው ብርና የመጀመሪያው የፖስታ ቴምብር በ1886 ዓ.ም. በፓሪስ ሲዘጋጁም የእርሳቸው ድካም ነበረበት። ከጣሊያን ጋር በውጫሌ ውል ምክንያት ክርክር በተነሣ ጊዜ ከኢትዮጵያ ወገን ቆሙ። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1889 ዓ.ም. ምኒልክ የመንግሥት አማካሪነት ማዕረግ ሰጧቸው። ጫማ በመስፋት የጀመሩት መሐንዲስ ከዚያ ወዲያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን መልእክተኞች ጋር የሚደረገውን ንግግር ከንጉሠ ነገሥቱ አጠገብ ሆነው የሚከታተሉ ሰው ሆኑ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልወድም። ቅኔውን ትቶ በሐረር ይነግድ የነበረው ፈረንሳዊው ራምቦ ከኢልግ ጋር ደብዳቤ ይጻጻፍ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ በቅሎና ሁለት ባሪያ ልጆች እንዲልኩለት ጠየቃቸው። ኢልግም በ1882 ዓ.ም. በጻፉት መልስ፣ ባሪያ ገዝተው እንደማያውቁና አሁንም ለመጀመር እንደማይፈልጉ ገለጹለት። በአዲስ አበባ ላለ አንባቢ ይህ ትንሽ ነገር ይመስለው ይሆናል። በማንቡክ ግን ትንሽ አይደለም። የዚህ አገር ሕዝብ፣ ይልቁንም ጉሙዙ፣ ከደጋውም ከሱዳንም በኩል በሚመጣ ፈንጋይ ብዙ ዘመን ሲታደን የኖረ ነው። ይህን በነገርሁ ጊዜ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች እንኳ ወሬያቸውን አቁመው አዳመጡኝ። በዘመኑ ብዙ ሰው እንደ ተራ ሸቀጥ የሚቆጥረውን ነገር አልገዛም ያለ ሰው፣ ቢያንስ ለራሱ እጅ ወሰን አበጅቶለታል። እርግጥ ነው፣ ኢልግ የባሪያ ንግድን ለማስቀረት የዘመቱ ሰው አልነበሩም። ለምኒልክ ጠመንጃ በማስመጣቱም ሥራ ነበሩበት፤ በ1890 ዓ.ም. ቤኒሻንጉል ወደ ማዕከላዊው መንግሥት የገባውም በዚያ በጠመንጃ ኃይል ነው። ስለዚህ ታሪካቸውን እንደ ገድል አላስተምርም።

ወደ ትልቁ ሥራቸው ወደ ምድር ባቡሩ ልምጣ። ምኒልክ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ መካከል አገር የሚዘልቅ የባቡር ሐዲድ የመሥራት ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. ለኢልግ ሰጡ፤ ዘመኑም 99 ዓመት ነበር። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሙሴ ሸፍኔ ጋር ሆነው ኩባንያ አቋቋሙ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ስለ ሆነ መስመሩ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በ1895 ዓ.ም. በደረሰበት ሜዳ ላይም ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ተቆረቆረች። መሐንዲስ በካርታ ላይ አንድ መስመር ሲያጥፍ ምን ያህል የሰው ኑሮ አብሮ እንደሚታጠፍ ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ገንዘቡ ግን ሐዲዱ ሳይዘልቅ አለቀ። ኩባንያው ከወዲያ ወዲህ ሲበደር ከረመና በመጨረሻ የፈረንሳይ መንግሥት በ1894 ዓ.ም. ባደረገው ስምምነት ድጎማ ሰጠው፤ በድጎማውም ሥልጣን ገዛበት። ምኒልክ በራሳቸው ምድር ላይ የሚሠራው ባቡር በሌላ መንግሥት እጅ መውደቁን ሲሰሙ እጅግ ተቆጡ። ቁጣቸውም ተገቢ ነበር። የኢልግ ፈተናም ከዚህ ላይ ነው። እርሳቸው የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ነበሩ፤ ደግሞም ፈቃዱን የተቀበሉና ኩባንያውን ያቋቋሙ እርሳቸው ነበሩ። ለንጉሡ የሚበጀውና ለኩባንያው የሚበጀው አንድ በሆነበት ቀን ነገሩ መልካም ነው። በተለያዩበት ቀን ግን አንድ ሰው ለሁለት ጌታ እንዴት ይመክራል? ኢልግ ኢትዮጵያን ሊጎዱ አስበው ሠሩ ብዬ አላምንም። ነገር ግን የቅን ሰው ቅንነት ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ያ ሐዲድ ከምኒልክ እጅ ባልወጣም ነበር።

በዚያው በ1894 ዓ.ም.፣ በወርኃ ግንቦት፣ ከእኛ በስተ ምዕራብ ያለውን የሱዳንን ወሰን የሚደነግግ ውል ከእንግሊዝ ጋር ተፈረመ። በዚህ ውል ውስጥ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውኃውን መውረድ የሚያግድ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ ገብቶበታል። ውሉ በኢልግ የአማካሪነት ዘመን የተፈረመ ነው። ዛሬ ከማንቡክ ወደ ጉባ ለሚወርድ ሰው ያ አንቀጽ ሩቅ ታሪክ ሆኖ አይታየውም።

የታላላቆቹ መንግሥታት ሽኩቻ እየበረታ፣ የምኒልክም ጤና እየደከመ ሲሄድ፣ ሙሴ ኢልግ በ1890ዎቹ መጨረሻ ሥራቸውን ለቀው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዙሪክ ሳሉም በ1908 ዓ.ም. አረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በዓመቱ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ያስገባውም የእርሳቸው ኩባንያ ሳይሆን በእግሩ የተተካው ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ነበር። ከኢትዮጵያ የሰበሰቧቸው ዕቃዎችና ፎቶግራፎች በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛሉ። የምሕንድስና ኮሌጅ ግን በአዲስ አበባ እስኪከፈት ድረስ እስከ 1930ዎቹ ማለፍና እስከ 1940ዎቹ አጋማሽ መጠበቅ ነበረብን።

ታሪኩን እንደ ጨረስሁ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ተነሥታ፣ ያን ግንድ በትከሻቸው የተሸከሙትና ሐዲዱን የዘረጉት ሰዎች ከመሐንዲሱ ምን ዓይነት ሙያ ቀስመው እንደ ቀሩ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋን ለአንባቢዎች አስተላልፌአለሁ። በድሬዳዋና በአዲስ አበባ የሚገኙ የቀድሞው ምድር ባቡር ባለሙያዎች ወይም ልጆቻቸው፣ ከአባቶቻቸው የሰሙትን በዚሁ ዓምድ ቢጽፉልን በክፍል ውስጥ አነብላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከማንቡክ