የጦቢያ ደራሲ ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ



ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ፣ ከዚያም እስከ ማጂ ተራሮች ድረስ ባሉት ቁምስናዎች የሚያገለግሉ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ስለ ወጣቶቻቸው ንባብ ቢያስቡ የሚያስገርም አይደለም። ወጣቱ ወይም ወጣቷ ከጸሎት መጽሐፍ ጎን አንድ የፍቅር ልብ ወለድ ይዘው ይገኛሉ። ታሪኩ ስለ ጥንት ክርስቲያኖች ይተርካል፤ ፍቅሩ ንጹሕ ነው፤ ፍጻሜውም ተክሊል ነው። ይህ ንባብ ከዕለት ጸሎታችን ጋር ይስማማል ወይስ ልብን ያባክናል? መልሱን በደንብና በሥርዓት ከመደርደር ይልቅ፣ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በአማርኛ መጀመሪያ የጻፉትን ሰው ሕይወት መመልከት ይሻላል። ሰውየው ለእኛ ሩቅ አይደሉም፤ የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉትና ያረፉት እዚሁ ጎረቤታችን ጅማ ነው።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለዱት በሐምሌ ወር 1860 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ዳር በምትገኘው በዘጌ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ካለፉ ገና ሦስት ወር ገደማ ነበር። ዘጌን ያየ የእኛ አገር ሰው ቶሎ አይደነግርበትም፤ እንደ እኛው ምድር ጥላ ያለው የቡና ደን ነውና። በዚያ ደን ውስጥ ግድግዳቸው ከላይ እስከ ታች በቅዱሳን ሥዕል የተሸፈነ ጥንታውያን ገዳማት አሉ። በዚህ አካባቢ የተወለደ ሕፃን ፊደል ከመቍጠሩ በፊት ታሪክን በሥዕል ማንበብ ቢለምድ አያስደንቅም። አፈወርቅም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረው የሥዕል ችሎታቸው ታወቀ፤ ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ዝምድና ነበራቸውና በምኒልክ ቤተ መንግሥት ቦታ አገኙ።

በ1887 እ.ኤ.አ. ሥዕል እንዲማሩ ወደ ጣሊያን አገር ተላኩና በቶሪኖ ከተማ በአልበርቲና የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። ተመልሰው አብያተ ክርስቲያናትን በሥዕል አስጌጡ። ይሁን እንጂ ከቤተ መንግሥቱ ጋር የነበራቸው ፍቅር እየሻከረ ሄደ። በ1894 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ጋር ለትምህርት ወደ ስዊስ አገር፣ ወደ ኖይሻቴል ከተማ ሄዱ። የአድዋው ጦርነት ሲቀርብ ግን ከትምህርት ቤቱ ወጥተው ወደ ጣሊያኖች ወገን ተሻገሩ። ወገኖቻቸው በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ድል ሲያደርጉ አፈወርቅ በተሸነፈው ወገን ነበሩ። ይህ የመጀመሪያው መሻገር ነው፤ የመጨረሻው አልሆነም።

ከዚያ በኋላ ኑሯቸው በጣሊያን ሆነ። ጣሊያናዊት ሴት አገቡ፤ ከ1902 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በኔፕልስ ከተማ በነበረው የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ፍራንቼስኮ ጋሊና ከተባሉት መምህር ጋር አማርኛ ያስተምሩ ነበር። የአማርኛ ሰዋስው በጣሊያንኛ ጻፉ፤ የንግግር መማሪያም አዘጋጁ። በ1900 ዓ.ም. ማለትም በ1908 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሮም ከተማ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ። ርእሱ ልብ ወለድ ታሪክ ነው። ከዚያ በፊት በአማርኛ ዜና መዋዕልም፣ ገድልም፣ ተረትም ነበረ፤ ራሱን ከልብ የተወለደ ብሎ የሚጠራ ረጅም ታሪክ ግን አልታወቀም ነበር። ዛሬ ለዚህ ዐይነቱ ጽሑፍ ሁሉ የምንሰጠው ስም ከዚያ መጽሐፍ ሽፋን የመጣ ነው። መጽሐፉም በኋላ በዋናዋ ባለታሪክ ስም ጦቢያ ተባለ።

ያላነበቡት እንዲያውቁት ታሪኩን በአጭሩ እንንገር። ክርስቲያኖችና ክርስቲያን ያልሆኑ ሕዝቦች በሚዋጉበት በጥንት ዘመን አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ ተሸንፎ ይማረካል። በቤቱ ዋሕድና ጦቢያ የሚባሉ መንታ ልጆች አሉት፤ ወንድና ሴት። የማያውቀው አንድ ነጋዴ አዝኖለት ዋጋውን ይከፍልና ነጻ ያወጣዋል። ነጋዴው ዘመዱ አይደለም፤ ብድራት የሚጠብቅም አይደለም። ታሪኩን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ይህ ነው፤ የፍቅሩ ነገር ገና አልመጣም። አባትየው ምሕረት ተደርጎለት ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም፤ ልጁ ዋሕድም ያንን ነጋዴ ፈልጎ ውለታውን ለመመለስ ከቤቱ ይወጣል። በመንገድ ግን ራሱ ተይዞ ባሪያ ሆኖ ይሸጣል።

ልጁ ሲጠፋ አባትና ጦቢያ ፍለጋ ይነሣሉ። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ወንድ መስላ ትጓዛለች። በዚህ ጉዞ ክርስቲያን ያልሆነ ንጉሥ ሠራዊት እጅ ይገባሉ፤ ንጉሡ ግን ደግ ሆኖ ያገኙታል። ንጉሡ በዚህ መልከ መልካም ወጣት ልቡ ይታወካል፤ የንጉሡ ዘመድ የሆነች ወይዘሮ ደግሞ ወንድ መስላት ትወድዳታለች። አንባቢው ምስጢሩን ያውቃልና ይሥቃል፣ ይሠጋልም። በመጨረሻ ዋሕድ ይገኛል፤ የጦቢያ ሴትነት ይገለጣል፤ ንጉሡ ክርስትናን ተቀብሎ ያገባታል፤ ዋሕድም ያችን ወይዘሮ ያገባል። ሁለት ሠርግ በአንድ ቤት!

ይህ ሁሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ የራቀ ነገር የሚመስለው ሰው መጽሐፈ ጦቢትን ያንብብ። እኛም ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችንም በቅዱሳት መጻሕፍት ቍጥር የምናኖረው መጽሐፍ ነው። አባት ልጁን ስለ ገንዘብ ጉዳይ ወደ ሩቅ አገር ይልካል፤ ማንነቱን የሰወረ መንገደኛ አብሮ ይሄዳል፤ መንገዱ ወደ ጋብቻ ያደርሳል፤ የተለያዩ ቤተሰቦች ይገናኛሉ። የልጁም ስም ጦብያ ነው። አፈወርቅ ይህን አስበው ጻፉ ለማለት አልደፍርም፤ ጦቢያ የሚለውን ሕዝባችን ኢትዮጵያን አሳጥሮ ይጠራበታልና ስሙ ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን መንፈስ ቅዱስ ራሱ የጉዞና የፍቅር ታሪክን ለትምህርታችን ካልናቀው፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ከወጣቱ እጅ መጽሐፉን ለመንጠቅ አይቸኵል። ነፍሳቸውን ይማርና ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በወጣትነታቸው በአርጀንቲና ሥነ ጽሑፍ ያስተማሩ ሰው ነበሩ። በ2024 እ.ኤ.አ. በጻፉት ደብዳቤም ልብ ወለድና ግጥም ማንበብ ለካህናትና ለምእመናን ሁሉ አስተዳደግ እንደሚጠቅም አስተምረዋል፤ ሰው የሌላውን ልብ ከውስጥ ሆኖ ማየት የሚለምደው በዚህ ነውና።

ለማጂ አንባቢ ግን በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከፍቅሩ ይልቅ ቆም የሚያደርገው የዋሕድ መሸጥ ነው። መጽሐፉ በሮም ሲታተም በእኛ ምድር ነገሩ ልብ ወለድ አልነበረም። ማጂ በምኒልክ ዘመነ መንግሥት ማብቂያና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በባሪያ ፍንገላ ክፉኛ ከተጎዱት አገሮች አንዷ ነበረች፤ መንደሮች ባዶ ቀሩ፤ ልጆች ከእናቶቻቸው ተነጥቀው ተሸጡ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት ዐዋጅ ወጣ፤ ፍጹም የሚሽረው ሕግ የታወጀው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዋሕድን ፍለጋ አባትና እኅት አገር ላገር ሲዞሩ የሚያነብ የዲዚ ወይም የቤንች ልጅ፣ አያቶቹ ፈልገው ያላገኟቸውን ሰዎች ያስታውስ ይሆናል። በልብ ወለዱ ዋሕድ ይገኛል። የማጂ ልጆች ግን አብዛኞቹ አልተገኙም።

ሌላም የምንጠይቀው አለ። አፈወርቅ ክርስቲያን ያልሆኑትን የሚጠሩት አረመኔ ብለው ነው። የንጉሡም አገር ንጉሡን ተከትሎ በአንድ ጊዜ ክርስቲያን ይሆናል። በልብ ወለድ ውስጥ ይህ ቀላል ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ግን በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ሃይማኖት ነጻነት ባወጣው መግለጫ ማንም ሰው ከኅሊናው ውጭ እንዲያምን ሊገደድ እንደማይገባው አስተምሮናል፤ በዚህ ምድር የብዙ ሕዝቦች ጎረቤት ሆነን የምንኖር ሁሉ ይህን በየዕለቱ እንፈተንበታለን። ንጉሡን የሳበው የጦቢያ ውበት ነው ወይስ ሃይማኖቷ? ከወጣቶች ጋር ለሚነጋገር መምህር ይህ ጥያቄ ለአንድ ሰንበት ከሰዓት በኋላ በቂ ነው። ለእኔ እንደሚመስለኝ በመጽሐፉ ውስጥ ከንጉሡ ይልቅ ወንጌልን የሰበከው ያ ነጋዴ ነው፤ አንዲት ቃል ሳይሰብክ። የኮንሶላታ ማኅበር ሚስዮናውያን በ1916 እ.ኤ.አ. ወደ ከፋ ምድር ሲገቡ የነጋዴ ልብስ ለብሰው መምጣታቸው መጽሐፉን ሳነብ ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል።

ወደ ሰውየው እንመለስ። አፈወርቅ በ1909 እ.ኤ.አ. የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ አሳተሙ፤ የከዱትን ንጉሥ አመስግነው ጻፉ። ቀጥሎም ወደ አስመራ ሄደው በንግድ ሥራ ኖሩ። በኋላም ከአገራቸው መንግሥት ጋር ታርቀው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ በራስ ተፈሪ ዘመን የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆነው ነጋድራስ ተባሉ፤ በኢትዮጵያውያንና በውጭ አገር ሰዎች መካከል የሚነሡ ክርክሮችን በሚያየው ልዩ ፍርድ ቤትም ዳኛ ነበሩ። ከሁለተኛው የጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ደግሞ በሮም የኢትዮጵያ መንግሥት ጉዳይ አስፈጻሚ ሆነው አገለገሉ። ምሕረት የተደረገለት ሰው ታሪክ በራሳቸው ላይ ደረሰ ማለት ይቻላል።

ወረራው በ1928 ዓ.ም. ሲመጣ ግን እንደገና ተሻገሩ። ከጠላት መንግሥት አፈ ቄሣር የሚል ማዕረግ ተቀብለው ለወራሪው በጋዜጣ ጻፉ፤ የአገሬው ዳኞች አለቃም ሆኑ። አቡነ ጴጥሮስን በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በአደባባይ ያስረሸነው፣ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ሕዝብ ያስጨፈጨፈው፣ በዚያው ዓመት በግንቦት የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት የፈጀው ይህ መንግሥት ነው። ነጋድራስ አፈወርቅ በእነዚህ ግድያዎች እጃቸው ነበረበት ማለቴ አይደለም፤ የገዳዩን መንግሥት አፍ ሆነው ማገልገላቸው ግን የታወቀ ነው። እኛ ካቶሊካውያንም በዚህ ላይ ድንጋይ ለማንሣት አንቸኵልም፤ በጣሊያን ከነበሩ ጳጳሳት መካከል ያንን ጦርነት የደገፉና የባረኩ ነበሩና።

በዚሁ ዘመን ሌላው ታላቅ ደራሲ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐረፉ። እርሳቸውም ወዳጄ ልቤን የመሰሉ ክርስቲያናዊ ታሪኮችን የጻፉ ናቸው። ሁለቱም ስለ ክርስቲያን ልብ ጻፉ፤ ሁለቱም ከቤታቸው ርቀው ሞቱ፤ ያራቃቸው ምክንያት ግን የተለያየ ነው። ጥሩ መጽሐፍ መጻፍ ጥሩ ሰው አያደርግም እንዴ ብሎ የሚያዝን አንባቢ ይኖራል። እኔም አዝናለሁ። ቢሆንም ዳዊት ኦርዮን አስገድሎ ሳለ መዝሙሩን ከጸሎታችን አላወጣነውም።

ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ ነጋድራስ አፈወርቅ ተያዙ፤ በኋላም ወደ ጅማ ተግዘው በዚያ ተቀመጡ። ዕድሜያቸው ከሰባ ዓመት አልፎ ነበር። በመጨረሻ ዘመናቸው የዓይናቸው ብርሃን ጠፋ፤ በቡና ደን ውስጥ ሥዕል እያዩ ያደጉት ሰው በሌላ የቡና ምድር ምንም የማያዩ ሆኑ። በመጽሐፈ ጦቢት አረጋዊው አባት ዐይነ ስውር ሆኖ ሳለ ልጁ ከመንገድ ተመልሶ የዓሣ ሐሞት ቀባውና አየ። በጅማ እንዲህ ያለ ነገር አልሆነም። በመስከረም ወር 1940 ዓ.ም. በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው እዚያው ዐረፉ።

ልብ ወለዱ ከእርሳቸው ሞት በኋላ በኢትዮጵያ ጦቢያ በሚል ስም እንደገና ታትሞ ብዙዎች አነበቡት፤ በትምህርት ቤትም ተማሩበት። ካነበቡት ተማሪዎች ብዙዎቹ ያንን ስሙ የማይነገር ነጋዴ ወደዱት፤ ደራሲው የት እንደ ሞቱ የጠየቀው ግን ጥቂት ነው።