ኢብኑ ነፊስና የሳንባው የደም ጎዳና

የኢስላም ሥልጣኔ ሲወሳ ብዙዎቻችን የኢብኑ ነፊስን (ረሒመሁላህ) ስም የምናነሳው፣ የደም ዝውውርን በ1628 (እ.ኤ.አ.) ያስረዳውን እንግሊዛዊ ዊሊያም ሃርቬይን ለመርታት ነው። በእኔ እምነት ይህ እኚህን ዓሊም ያሳንሳቸዋል። መላ ሰውነትን የሚያዳርሰውን ዝውውር የገለጸው ሃርቬይ መሆኑን መመስከር ፍትሕ ነው። የርሳቸው ጀግንነት ሌላ ነው።

በ13ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በደማስቆ አካባቢ ተወልደው በኑሪ ሆስፒታል ሕክምና ተማሩ። ካይሮ ከገቡ በኋላ ሕሙማንን እያከሙ በመስሩሪያ መድረሳ የሻፊዒይን ፊቅህ ያስተምሩ ነበር።

በዚያን ዘመን በሕክምና የግሪካዊው የጃሊኑስ ቃል አይነካም። ደም ከቀኙ የልብ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው በመካከል ባለው ግድግዳ ቀዳዳዎች ነው ብሎ ነበርና፣ ከሺህ ዓመት በኋላም ሁሉም ይህንኑ ይደግም ነበር። ታላቁ ኢብኑ ሲናም ከዚህ አልራቁም። ኢብኑ ነፊስ ግን፣ ያውም የኢብኑ ሲናን መጽሐፍ ሲያብራሩ፣ ከ1242 ባልዘገየ ጊዜ ይህን ውድቅ አደረጉት። ግድግዳው ድፍን ነው፤ ደሙ ከቀኙ ክፍል ወደ ሳንባ ሄዶ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ወደ ግራው ይመለሳል አሉ። በሳንባ ውስጥ በሚሄደውና በሚመለሰው ሥር መካከልም ረቂቅ መተላለፊያ መኖር አለበት ብለው ጻፉ። ጣሊያናዊው ማልፒጊ እነዚያን ፀጉር መሰል ሥሮች በማይክሮስኮፕ ያየው በ1661 ነው! ዛሬ እንደምናውቀው ቀይ የደም ሕዋሳት በዚያ ጠባብ መንገድ አንድ በአንድ እየተሹለከለኩ፣ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ኦክስጅን ይጭናሉ።

ገላቸውን ሲታጠቡ ስለ ልብ ትርታ ሐሳብ ቢመጣላቸው ወጥተው፣ ወረቀት አስመጥተው፣ ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ወደ መታጠቢያው እንደተመለሱ ይተረካል። በ1288 በሞት አልጋ ላይ ሳሉም ሐኪሞች ለመድኃኒት ወይን ጠጅ ቢያቀርቡላቸው፣ ኸምር በሆዳቸው ይዘው ጌታቸውን መገናኘት እንደማይሹ ነግረው እምቢ አሉ። ቤታቸውንና መጻሕፍታቸውን ለመንሱሪ ሆስፒታል ተናዘዙ።

ያ የሳንባ ጎዳና የተገለጸበት ጽሑፍ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ተዘነጋ። በ1924 በጀርመን የሚማር ሙህዪዲን አጥ-ጠጣዊ የተባለ ግብፃዊ ሐኪም በበርሊን ቤተ መጻሕፍት የነበረውን የዐረብኛ ቅጂ አንብቦ ይፋ አደረገው። ከካይሮ ሳይሆን ከበርሊን መደርደሪያ መገኘቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።